የመምህር ኃይለ ልዑል ደስታው የሕይወት ታሪክ፣ እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ያሉበት

መምህር ኃይለ ልዑል ደስታው የአዋሽን የድሮ ባቡር ጣቢያ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያለ ክፍያ ሲያስጎበኙ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የእናታቸውን የወይዘሮ አስካለን ስም አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ጣቢያው መቼ እንደተሠራ፣ ድልድዩ እንዴት እንደተዘረጋ፣ የትኛው ሹም የትኛው ክፍል ውስጥ ያድር እንደነበር ይናገሩ ነበር። እናታቸው ግን ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚያው ጣቢያ ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ልጃቸው መምህር ኃይለ ልዑል ነበሩ፤ አጭር ነው፣ «የቤት እመቤት ነበሩ» ይላል። ታናሽ እህታቸው የዓለምወርቅ ይህን ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛ እስከ ዘንድሮ ቆይታለች። የዛሬውን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷ ስለሆነች፣ ይህ ሳይነገር ሌላው ይነገር ማለት አይሆንላትም።

ወደ ትውልዳቸው ስንመጣ፣ መምህር ኃይለ ልዑል ከአባታቸው ከአቶ ደስታው ወልደ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማሞ በጥቅምት ወር 1952 ዓ.ም. በአዋሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከምንጃር ወርደው በሐዲድ ጥገና የተቀጠሩ፣ ዲጂኖና አካፋ ይዘው ፀሐይ ላይ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ ስለነበረ ባቡር ሲገባ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ነበር። ሌላ ሕፃን በዚያ ድምፅ ሲያለቅስ እሳቸው ግን ለቅሷቸውን አቋርጠው ያዳምጡ እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር።

አባታቸው በ1961 ዓ.ም. በወባ ታመው አረፉ። የዓለምወርቅ ያኔ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። ወይዘሮ አስካለ ለቅሶው እንዳበቃ ውኃ በእንስራ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በሰፌድ ይዘው ባቡሩ መስኮት ሥር ቆሙ። እንስራውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው ያሳድሩታል፤ በአዋሽ ሙቀት ያን ውኃ የቀመሰ መንገደኛ ሲመለስም እሳቸውን በስም ይጠራ ነበር።

መምህር ኃይለ ልዑል እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማሩት አዋሽ ነው። በ1964 ዓ.ም. እናታቸው ድሬዳዋ የአባታቸው ጓደኛ ቤት አስቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን አስተማሯቸው። የዓለምወርቅ በተራዋ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ከሦስተኛ ክፍል ወጥታ እንስራ ተሸከመች። ሁለቱንም ማስተማር ስላልተቻለ አንዱ ተመረጠ፣ የተመረጡትም እሳቸው ናቸው። በዚህ ቂም የላትም። ወንድሟ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ እሷን ደግሞ አስተማሪው ሲጠራት መስኮት መስኮቱን ስታይ ነበር የሚያገኛት።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በ1974 ዓ.ም. ዱብቲ ተመደቡ። ለጥጥ እርሻ ሠራተኞች ልጆች ታሪክና ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1979 ዓ.ም. በዚያው በዱብቲ በጽሕፈት ሥራ ላይ ከነበሩት ከወይዘሮ አዲስአለም ገብረሥላሴ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ዓቢይንና ሎዛን ወለዱ። በ2000 ዓ.ም. ወደ ሰመራ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ እዚያው አስተምረዋል።

አሮጌው ባቡር ወደ አዋሽ መምጣት ባቆመበት ሰሞን መምህር ሰመራ ላይ ትንሽ ባቡር መሥራት ጀመሩ። ሐዲዱን የሠሩት ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ነው፤ ፉርጎውን ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሞተሩን ከአሮጌ ቴፕ አወጡት። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመውን እንጨት ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ግንድ እየፈለጡ በቢላ ይቀርጹታል። የአዋሽን ገደል ደግሞ የሠሩት የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት በዱቄት ሙጫ አቡክተው ነው። ሰመራ ላይ በግንቦት ማስቲሽ አይጨብጥም፤ ማታ የተጣበቀው ጠዋት ወለል ላይ ይገኛል። እሳቸው ግን ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ሙቀቱ ሳይመጣ የወደቀውን መልሰው አጣብቀው፣ ፊታቸውን ታጥበው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር።

ሳምንታቸውን እንደ እንጀራ ቆርሰውት ነበር። ቀን ማስተማር፣ ማታ ታሪክ ማንበብ፣ ጎህ ሲቀድ ባቡር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት ሰመራ አጠገብ ካለችው ከሎግያ በተገኘው መኪና፣ ተሳቢም ቢሆን፣ ተሳፍረው አዋሽ። ቅዳሜና እሑድ አስጎብኝተው ሰኞ ክፍል ይገባሉ። በዲቾቶና በሰርዶ አድርገው ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮች ሁሉ ያውቋቸዋል። የምግብ ጠረጴዛው በሐዲድ ስለተያዘ ቤተሰቡ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላ ነበር። ወይዘሮ አዲስአለም «እኔ እኮ ከባቡሩና ከታሪኩ ቀጥዬ ሦስተኛ ሚስት ነኝ» ሲሉ መምህር «ባቡሩ ቀድሞሻል፣ ተራሽን ጠብቂ» ይሉ ነበር። ተራቸውን ጠብቀዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል፣ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

መምህር የሚያስጎበኙት በዳጉ ሥርዓት ነበር። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ የሚለዋወጡበት ልማድ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ ዘንቧል ወይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታሟል ይባባላሉ። የሚነገረው ዓይን ያየው ነው። ያላየ ሰው ከማን እንደሰማ በስም ይናገራል፤ መጨመር ነውር ነው። ይህን ዱብቲ ሲያስተምሩ ተምረው፣ ጣቢያው ላይ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ከግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው የእንግዳውን ወሬ ይቀበሉ ነበር። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ችኩል ሰው «አባባ፣ እኛ ባቡሩን ልናይ ነው የመጣነው» አላቸው። «ባቡሩ የትም አይሄድም፤ የምትሄደው አንተ ነህ። ስለዚህ ካንተ እንጀምር» አሉት። ሰውዬው ተቀመጠ። ሲነሳ ስለ አያቱ ሁሉ አውርቶ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ባቡሩን ወደ ትውልድ ከተማው ልውሰደው ብለው ተነሱ። ሰመራ ላይ ምግብ ቤት ያለው የወሎው ሰው አቶ ከድሩ የልብ ጓደኛቸው ስለሆነ አብሮ ሊያደርሳቸው መጣ። ሐዲዱንና ጣቢያውን መቀመጫ ሥር አስገቡ፤ ገደሉ ትልቅ ስለሆነ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በገመድ ታሰረ። ሚሌ ላይ ፍየሎች ተጫኑ። እዚያው ጣሪያ ላይ ነው የተጫኑት፤ ማንም ምንም አላሰበም። ገዋኔ ሲደርሱ መምህር ወጥተው ቢያዩ ገደሉ የለም። የዱቄት ሙጫ ነበረዋ! አንዲት ቀይ ፍየል የመጨረሻውን ቁራጭ እያኘከች ታያቸዋለች። አቶ ከድሩ ከታች ሆኖ «መምህር፣ ወላሂ ከተማሪዎችህ ሁሉ ፈተናውን ጠርጋ የጨረሰች ይቺ ናት!» ብሎ ሲጮህ ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። መምህር አልሳቁም። አዋሽ አርባን ካለፉ በኋላ ግን ብቻቸውን መሳቅ ጀምረው እስኪወርዱ ድረስ ማቆም አቃታቸው።

ባቡሩ የዓለምወርቅ ቤት፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተዘረጋ። መምህር ኑሯቸው ሰመራ ቢሆንም ለጉብኝቱ በመጡ ቁጥር የሚያድሩት እዚያ ነበር። ገደሉ በጭቃና በጀሶ እንደገና ተሠራ። መምህር ሰዎቹንም ከሽቦ እያጠፉ መሥራት ጀመሩ፤ የጣቢያውን ሹም ከነቆቡ፣ ባንዲራ የሚያውለበልበውን፣ ሸክም ተሸካሚዎቹን፣ የጣቢያው ምግብ ቤት በር ላይ የሚተኛውን ቢጫ ውሻ ሳይቀር። የትንሹ ጣቢያ ኒም ሥር ግን ባዶ ነበር። የዓለምወርቅ ቤቱን ስትጠርግ በየቀኑ ታየዋለች። አንድ ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ውሻው ሳይቀር ገብቷል። እማዬስ?»

«እማዬ ምን?»

«እንስራዋን ይዛ እዚህ ጋ አልነበረችም?»

«እሱ የቤታችን ጉዳይ ነው፣ ዓለሜ። እንግዳ የሚመጣው የጣቢያውን ታሪክ ሊሰማ ነው።»

«የጎርፉ ጊዜስ? እሱም የቤታችን ጉዳይ ነው?»

«የጎርፉ ጊዜ እኔ ድሬዳዋ ነበርሁ። ያላየሁትን አልናገርም፤ ደንቤን ታውቂያለሽ።»

«ድልድዩ ሲሠራ ታዲያ የት ነበርህ?»

«እሱ ተጽፏል።»

«እማዬንም ጽፈሃታል። የቤት እመቤት ብለህ።»

መምህር ሽቦውን አስቀመጡ። «ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ከሆነ አንቺ ንገሪ» አሏት። እሷ ይህን እንደ ማባረሪያ ነው የወሰደችው። ሦስተኛ ክፍል ያልጨረሰች ሴት ከአዲስ አበባ መኪና አስነስቶ ለመጣ ሰው ምን ብላ ትቆማለች? ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመሃላቸው አልተነሳም። ለእንግዶቹ ቁርስ ታቀርባለች፣ የወንድሟንም ልብስ ታጥባለች፤ ጉብኝቱ ሲጀመር ግን ወደ ቤቷ ትገባለች። የማትሰማው ነገር አያበሳጫትም ብላ ነው። ያበሳጫት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መምህር ልባቸው ደከመ። ዱብቲም አዲስ አበባም ታከሙ። ሐኪም ዕረፍት ቢያዝላቸውም ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ልብሳቸውን እየለበሱ ወይዘሮ አዲስአለምን አስቸገሩ። በጥር 2017 ዓ.ም. ከአዳማ ለጉብኝት ለሚመጡ መምህራን ቃል ሰጥተው ስለነበር፣ ልጃቸው ሎዛ ይዛቸው አዋሽ መጣች። አቶ ከድሩም «ብቻውን አልተወውም» ብሎ ተከትሎ መጣ። በባጃጅ እስከ ጣቢያው ድረስ ወሰዷቸው።

እንግዶቹ ኒሙ ሥር ተቀመጡ። መምህር ቆመው ወሬ መቀበል ጀመሩ፤ ሁለተኛው እንግዳ ላይ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ። የዓለምወርቅ ያን ዕለት ቤቷ አልገባችም፤ የወንድሟን መድኃኒት ይዛ ከኋላ ቆማ ነበር። እንግዶቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። አንዱ ስልኩን አወጣ። መምህር ግድግዳውን ይዘው ዞር ዞር ብለው ሲፈልጉ ዓይናቸው እሷ ላይ ዐረፈ።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለች፤ መድኃኒቱን ለሎዛ ሰጥታ ወደፊት መጣች።

መምህር ከእንግዶቹ መሃል ተቀመጡ። እሷም ከዳር ጀምራ አንድ በአንድ ጠየቀች። ከየት መጣችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ አዳማ ዝናብ ጣለ ወይ።  ወንድሟ ጋ ስትደርስ ማለፍ ወይም መጠየቅ ይገባት እንደሆነ አላወቀችም። ሰው ሁሉ ያያታል። ደንቡ ደንብ ነው ብላ ጠየቀች።

«አንተስ? ከየት መጣህ?»

መምህር ቀና ብለው አዩዋት። «ከድሬዳዋ» አሉ። «ከሄድሁ ቆየሁ። እናቴ እዚህ ነበረች፤ ምን እንደሆነች ንገሪኝ።»

የዓለምወርቅ ያን ጊዜ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንግዳ ፊት ነው ብላ ተወችው። ተናገረች። የተናገረችው ይህ ነው።

በ1968 ዓ.ም. በነሐሴ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ሰው እንደታጨቀ አዋሽ ገብቶ ቆመ። በመተሐራ በኩል ጎርፍ የሐዲዱን መሠረት ጠርጎት ነበር። ወደፊት መንገድ የለም፤ ወደኋላም ዝናቡ ዘጋው። ጣቢያው ላይ የነበረው ምግብ ለአንድ ቀን አልበቃም። ከማታው ጀምሮ ሕፃናት ተንጫጩ፤ ውኃው አለቀ። በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ መስኮት ሥር የሚሸጡትን ሴቶች ሰብስበው «ዛሬ የሚሸጥ የለም። የምትሸጥ ካለች ከነገ ጀምሮ አጠገቤ አትቀመጥም» አሉ። ከየቤቱ ያለው እህል ወጣ። ልብስ የሚታጠብበት በርሜል ታጥቦ ንፍሮ ተቀቀለበት።

ውኃ ደግሞ ገደል ወርዶ ከወንዙ መቅዳት ነው። ወይዘሮ አስካለ አንደኛ ማዕረግ ፉርጎ ድረስ ሄደው ወንዶቹን በሙሉ አወረዱ። ከረባት ያሰረ አንድ ሰው «እትዬ፣ እኔ እኮ የቢሮ ሰው ነኝ» ቢላቸው «ወንዙም ቢሮ አለው፤ ታች ነው፣ ውረድ» ብለው ጀሪካን አስጨበጡት። ወርዶ ቀዳ። ከረባቱን ጀሪካኑን ለመሸከም ትከሻው ላይ አጠፈው፤ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ኋላማ ሌሎቹን የሚያዝዘው እሱ ሆነ። ሀምዳ የምትባል አፋር ደግሞ ጩኸቱን ሰምታ የፍየል ወተት በቅል ይዛ መጣች። ወይዘሮ አስካለ አፋርኛ አያውቁም፣ ሀምዳም አማርኛ አታውቅም። ወይዘሮ አስካለ አንዱን ሕፃን አንስተው አሳዩዋት፤ በማግስቱ ሀምዳ ከዘመዶቿ ጋር ተመለሰች። ወተቱ ለሕፃን ብቻ ነው ተብሎ፣ ወይዘሮ አስካለ ማማሰያ ይዘው አጠገቡ ቆሙ። አንድ ወታደር ሊቀምስ ቢል እጁን መቱት። ውኃውን በጣሳ እየቀዳች የምታድለው የዓለምወርቅ ነበረች፤ እናቷ «መጀመሪያ ሕፃን፣ ቀጥሎ እርጉዝ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ አንቺ መጨረሻ» ብለዋታል።

ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ ሲነሳ ከተሳፋሪው አንድ ሰው አልሞተም ነበር። ሰው በመስኮት እጁን እያወጣ የወይዘሮ አስካለን እጅ ሊይዝ ሲሻማ እሳቸው «ዞር በሉ፣ ክንዳችሁ ይቆረጣል» ይሉ ነበር። በማግስቱ ሌላው ባቡር ሲገባ እንቁላላቸውን ይዘው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ብዙም አላወሩም፤ እግራቸው ግን ከዚያ ገደል መውጣት መውረድ ወዲህ እያበጠ አስቸግሯቸው ኖሯል።

የዓለምወርቅ ስትጨርስ «ያየሁት ይሄ ነው፤ የጨመርሁት የለም» አለች።  መምህር ኃይለ ልዑል እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሱ።

«እንስራው የት ጋ ነበር?»

«እግርህ ያለበት ጋ።»

መምህር እግራቸውን ሰበሰቡ። አቶ ከድሩ ደግፎ አስነሳቸው፤ ቦታውን ለቀው ከጎኑ ቆሙ። እስኪወጡም ድረስ ማንም እዚያ ላይ እንዲረግጥ አልፈቀዱም፤ እንግዶቹን በእጃቸው እየጠቆሙ ያዞሯቸው ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ «ታሪክ አስተምሬ ታሪክ ቤቴ ሲያድር አላወቅሁትም» ብለዋታል። እሷም «በል ሾርባህን ጠጣ» ብላቸዋለች። ማታ ላይ ሽቦ አንስተው ሴት ሊሠሩ ሞከሩ፤ ሽቦው ግን አልታጠፈላቸውም። «ተወው ጋሼ፤ እኔ በአፌ እበቃለሁ» አለችና ሽቦውን ከእጃቸው ወሰደች።

መምህር ኃይለ ልዑል ወደ ሰመራ ተመልሰው ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው፣ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤታቸው ዐርፈዋል። በቃላቸው መሠረት ዛሬ እናታቸው ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከእናታቸው አጠገብ ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዲስአለምን፣ ልጆቻቸውን ዓቢይንና ሎዛን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እህታቸውን የዓለምወርቅን ትተው ሄደዋል። አቶ ከድሩም አስከሬኑን ከሰመራ ሌሊቱን በመኪናው ይዞ የመጣ ስለሆነ ከቤተሰብ ይቆጠራል፤ «አላህ ይዘንለት፣ እንደሱ ያለ ወንድም የለኝም» ብሏል።

ደግ ባል፣ ደግ አባት፣ የሚጠይቋቸውን የማይሰለቹ መምህር ነበሩ። በመጨረሻ ደግሞ መጠየቅን አልናቁም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መሃል ያስቀምጥልን፤ ከእናታቸውም ጋር ያገናኝልን፣ የሚነጋገሩት ብዙ አላቸውና። ለቤተሰቡና ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

ከጥር ወዲህ ጣቢያውን የምታስጎበኘው የዓለምወርቅ ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ትገኛለች፤ የፊታችን ቅዳሜም ትገኛለች፣ ለቅሶ ነው ብሎ የሚቀር እንግዳ እንዳይኖር። መጀመሪያ እንግዳው ኒሙ ሥር ተቀምጦ ወሬውን ይሰጣል፤ ቀጥሎ ወይዘሮ አስካለ ይነገራሉ። ድልድዩ ከዚያ በኋላ ነው።